የታሸገ ፖስታ ለሌለንም በር ይከፈት፦ ስለ ኦንላይን የወንጀል ፍትሕ ትምህርት መግቢያ መስፈርት ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
ለትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን
ለባሕር ዳር፣ ለደብረ ማርቆስና ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቶች

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ከረማችሁ።

በምሥራቅ ጎጃም በአንዲት ወረዳ ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከ2003 ጀምሮ እዚያው ነኝ። መዝገብ እከፍታለሁ፣ ቀጠሮ እጽፋለሁ፣ መጥሪያ አወጣለሁ፣ ኤግዚቢት፣ ማለትም ለማስረጃ የተያዘ ዕቃ እረከባለሁ። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ዳኛና ዐቃቤ ሕግ መጥቶ ሄዷል። የትኛው መዝገብ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ።

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጉዳይ ነው። የወንጀል ፍትሕ በኦንላይን ለመማር የሚጠየቀው የመግቢያ መስፈርት፣ ሥራውን በየቀኑ የሚሠሩትን ሰዎች ደጅ ያስቀራል። ፖሊሱን፣ የማረሚያ ቤት ጠባቂውን፣ እንደኔ ያለውን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። ደረጃው ዝቅ ይበልልን ብዬ አይደለም የምጽፈው። መስፈርቱ መለካት ያለበትን ይለካ ነው የምለው።

ነገሩ የጀመረው በዱላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የከባድ የአካል ጉዳት መዝገብ ነበረን። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 555 የተከፈተ ክስ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በእርሻ ድንበር ተጣልተው የአንደኛው ዓይን ጠፋ። ኤግዚቢቱ በማዳበሪያ ከረጢት መጣ። ሁለት ዱላ ነበር፤ አንዱ የተከሳሽ፣ አንዱ የተበዳይ። አንድ ላይ በሲባጎ ታስረዋል። በእያንዳንዳቸው ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ክርክሩ ተራዘመ። ክረምት አለፈ። ምስክር የሚሰማበት ቀን ከረጢቱን ፈትቼ ዱላዎቹን ችሎት ፊት ሳቀርብ፣ አንዱ ፕላስተር ተልጦ ወድቋል። በሌላው ላይ የሚነበበው «ከ» የምትለው ፊደል ብቻ ነበረች። ከማን? አይታወቅም።

ጠበቃው «የደንበኛዬ ዱላ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዱላዎቹን የያዘው ፖሊስ ወደ ሌላ ዞን ተዛውሯል። ምስክሮቹ ተያዩ። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። ደረሰኙን አወጣሁ። በራሴ እጅ የጻፍኩት «ዱላ ሁለት» ይላል። በቃ፣ ሌላ የለውም። የትኛው ከማን እጅ እንደተያዘ ስረከብ አልጠየቅኩም። ጠይቂ ያለኝም አልነበረም።

መዝገቡ እንዴት እንዳለቀ አልጽፍም፤ የሰዎች ጉዳይ ነው። ግን ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አንድ ሰው ዓይኑን አጥቷል። ሌላው ሊታሰር ነው። በመካከላቸው ያለው ማስረጃ የእኔ ፊርማና የአንድ ብር ፕላስተር ነው።

ከዚያ በኋላ ነው በስልኬ ማንበብ የጀመርኩት። ማስረጃ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማን፣ መቼ፣ ከየት፣ በምን ሁኔታ እንደተረከበው አንድ በአንድ የሚመዘገብበት ሥርዓት እንዳለ አወቅሁ። ይህን የሚያስተምር «የወንጀል ፍትሕ» የሚባል የትምህርት ዘርፍ እንዳለም አወቅሁ። የፖሊስን ሥራ፣ የፍርድ ቤትን ሥራና የማረሚያ ቤትን ሥራ እንደ አንድ ሰንሰለት አድርጎ ያያል። ሰው ለምን ወንጀል ይሠራል የሚለውን፣ የማስረጃ አያያዝን፣ የሙያ ሥነ ምግባርን፣ ጥናት እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል። በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪው ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ይሰጡታል። ልጆቼን ሳልተው፣ ሥራዬን ሳልለቅ ልማረው የምችለው ነገር ነው አልኩ።

አፕላይ አደረግሁ። ዩኒቨርሲቲውን አልጠቅስም፤ ውጭ አገር ያለ ነው፣ በእኔ ላይ ክፋት ያሰበም የለም። መስፈርቱ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት። የእንግሊዝኛ ችሎታ ማረጋገጫ። የማመልከቻ ክፍያ 50 ዶላር። ለምን መማር እንደፈለግሽ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ። ለዚያ አገር ልጅ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። እኔን ሰባት ወር ፈጀብኝ።

ፎርሙን የሞላሁት መናኸሪያው አጠገብ ካለው ኢንተርኔት ቤት ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ታጋሽም ነው። ገና የልደት ቀን ላይ ስንደርስ ቆምን። የተወለድኩት ጳጉሜ 4 ነው። ፎርሙ ላይ ያሉት ወሮች 12 ናቸው። «እትዬ፣ ወደ ፈረንጅ እንቀይረው» አለኝና ቀየርነው። መታወቂያዬ ላይ ያለው ግን በእኛ አቆጣጠር ነው። ዲፕሎማዬ ላይ ያለው በእነሱ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ላየ ሰው፣ አንዷ ሴት ከሌላዋ በስምንት ዓመት ትበልጣለች። የአባቴ ስም ደግሞ በሦስት ወረቀት ላይ በሦስት ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ተጽፏል። በአማርኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት ሰው ነው።

ቀጥሎ ትምህርቴ መጣ። 10ኛ ክፍልን በ1999 ጨረስኩ። መሰናዶ አልገባሁም፤ 10+3 ተማርኩ። የእኔ ዘመን ሰው ይህን ያውቀዋል። በዚያን ጊዜ በ10ኛ ክፍል ፈተና ከመሰናዶ የቀረ ተማሪ 10+1፣ 10+2፣ 10+3 እየተባለ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ዛሬ የሚሠራው ሰው ብዙው በዚህ መንገድ የመጣ ነው። ለውጭው ዩኒቨርሲቲ ግን ይህ ምንም አይደለም። «ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሽበት የት ነው?» ብለው ጻፉልኝ። 10+3 ማለት ምን ማለት እንደሆነ በምችለው እንግሊዝኛ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። መልሱ «በውጭ ሰነድ ገምጋሚ ድርጅት ይገመገም» የሚል ሆነ። ግምገማው ለብቻው በዶላር ይከፈላል። ገምጋሚው ደግሞ ሰነዱን ከእኔ እጅ አይቀበልም። ትምህርት ቤቱ ራሱ በታሸገ ፖስታ፣ ማኅተም አድርጎ፣ በቀጥታ ይላክ አለ።

የተማርኩበት ኮሌጅ ሄድኩ። ሬጅስትራሩ መልካም ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ትራንስክሪፕቱን እሠራልሻለሁ። ወደ ውጭ አገር የምልክበት በጀት ግን የለኝም» አሉኝ። ፖስታውን አሽገው፣ ማኅተሙን በላዩ ላይ መትተው ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ከላክሁት ደግሞ በቀጥታ አልተላከም ማለት ነው። ፖስታው እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አልከፈትኩትም፤ ከከፈትኩት ዋጋ የለውም።

በመጨረሻ ኢሜይል መጣ። ማመልከቻው ስላልተሟላ ፋይሉ ተዘግቷል ይላል። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። በየውሳኔው መጨረሻ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» ተብሎ የሚጻፍበትን ፋይል ወደ መደርደሪያ የምመልሰው እኔ ነኝ። በራሴ ሲደርስ ምን እንደሚሰማ ግን አላውቅም ነበር።

እስካሁን የነገርኳችሁ የእኔን ነው። የእኔ ቀላሉ ነው። ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሆነውን ታውቃላችሁ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ቀሩ። ትምህርት ቤቶች ወድመዋል፤ ከነሱ ጋር የተማሪ መዝገብም ጠፍቷል። ትራንስክሪፕቱ የተቃጠለበት ልጅ ከየት ያሳሽግ? የማመልከቻ ቀነ ገደቡ መስመር በጠፋበት ወር ላይ የዋለበትስ? መስፈርት የሚያወጣ ሰው ትምህርት ቤት ሁልጊዜ እንደሚኖር፣ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት እንደሆነ፣ ኔትወርክ ሁልጊዜ እንደሚሠራ ቆጥሮ ነው የሚያወጣው። እኛ ጋ ሦስቱም በአንድ ሳምንት ሊጠፉ ይችላሉ።

የዶላሩም ነገር አለ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር በላይ አለፈ። ደመወዛችን በዚያው ልክ አልጨመረም። ብሩ ቢገኝ እንኳ በዶላር የሚከፍል ካርድ የለንም። የእኔን 50 ዶላር የእህቴ ልጅ ዋሽንግተን ያለ ጓደኛውን ለምኖ ነው ያስከፈለልኝ። የማይመለስ ክፍያ ነው፤ አልተመለሰም።

«ታዲያ የውጭውን ምን አስመኘሽ? አገር ውስጥ ተማሪ» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። እንዲያውም ደብዳቤዬን ለእናንተ የጻፍኩት ለዚህ ነው። የውጭውን ዩኒቨርሲቲ አልለምንም። የአሜሪካ ኦንላይን ትምህርት የሚያስተምረው የአሜሪካን ሥርዓት ነው። ተጠርጣሪ ተይዞ ከመጠየቁ በፊት ዝም የማለት መብት እንዳለው መነገር አለበት የሚለውን እዚያ ተማሪው የሚማረው በ1966 እ.ኤ.አ. በሚራንዳ ጉዳይ ከተሰጠው ፍርድ ነው። እኛ ጋ ያው መብት በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 ተጽፏል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለውም እዚያው አንቀጽ ላይ ነው። ዛሬም የምንሠራበት የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1954 የወጣው ነው። እኔ የምፈልገው ይህን የሚያስተምር፣ የእኛን ወረዳ ፖሊስ ጣቢያና የእኛን ችሎት የሚያውቅ ትምህርት ነው። የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ በ2003 ወጥቷል። ፖሊሲው ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ፍርድ ቤትና ማረሚያ ቤት ተቀናጅተው ይሥሩ ይላል። ተቀናጅተው እንዲሠሩ የሚጠበቁት ሰዎች አንድ ላይ የሚማሩበት ቦታ ግን በአቅራቢያችን የለም። ሰንዳፋ ያለው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ግን ሰንዳፋ ሩቅ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ልጆቿን ለማን ጥላ ትሂድ?

ኦንላይን ለማስተማርም ከባዶ አትነሱም። ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሜሪካው አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ሻያሾኔ ከሚባለው የአገር ውስጥ ድርጅት ጋር በኢ-ሺ ፕሮጀክት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የኦንላይን ትምህርትን ሲያጠናክር ቆይቷል። አሪዞና ስቴት በራሱ አገር የወንጀል ጥናትና የወንጀል ፍትሕ ዲግሪን በኦንላይን የሚሰጥ ነው። የመግቢያ መስፈርቱን ላላሟላ ሰውም ሌላ መንገድ አለው። ሰውየው መጀመሪያ የተወሰኑ ኮርሶችን ይወስዳል፤ ውጤቱ ጥሩ ከሆነ በዚያው ውጤት ይገባል። ከእነሱ ቴክኖሎጂውን ከተማርን ይህንንም እንማር።

የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ለአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱ ያለፈ የትምህርት ማስረጃ አይጠይቅም። የሚፈትነው ከገቡ በኋላ ነው።

ግን እስከ እንግሊዝ ምን አስኬደን? አባቴ ቅኔ የተማሩት በዚሁ በጎጃም ነው። ዋሸራ የሄደ፣ ዲማ ጊዮርጊስ የሄደ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ደበሎውን ለብሶ ነበር የሚደርሰው። የታሸገ ፖስታ የያዘ አልነበረም። የኔታ ይጠይቁታል፦ «ከማን ተማርክ? የት ደርሰሃል?» «መወድስ ደርሻለሁ» ካለ «እስኪ ስጠን» ይባላል። ከሰጠ መወድስ ቤት ይገባል። ካቃተው አይባረርም፤ ከመጀመሪያው ደረጃ፣ «ከጉባኤ ቃና ጀምር» ይባላል። መስፈርቱ ከባድ ነው። አባቴ ሲነግሩኝ ከጉባኤው ፊት ቆሞ መቀኘት ላብ ያወርዳል ይሉ ነበር። ነገር ግን የሚለካው ሰውየው የያዘውን ዕውቀት ነው። ወረቀቱ በመንገድ ቢጠፋ፣ የተማረበት ደብር ቢቃጠል፣ ዕውቀቱ አብሮት ይመጣል። በዚህ መንገድ ስንት ሊቅ እንደወጣ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

የምጠይቀው ይህን ነው። በር ላይ ፈትኑን።

ፈተናውን ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ላይ አድርጉት። አዲስ አበባ ሄዶ መፈተን ማለት ከደብረ ማርቆስ እንኳ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ነው፤ በደጀን ወርዶ፣ ዓባይ በረሃን አቋርጦ፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ። ማንነታችንን በፋይዳ አረጋግጡ። የስም አጻጻፍና የልደት ቀን ጣጣ በዚያ ይፈታል። ክፍያውን በቴሌብር ተቀበሉ። ትራንስክሪፕት ካስፈለጋችሁ ሬጅስትራር ከሬጅስትራር ጋር ይጻጻፍ፤ ባለጉዳዩን ፖስታ ተሸካሚ አታድርጉት። ትምህርት ቤቱ ለወደመበት ደግሞ ፈተናው ራሱ ማስረጃ ይሁን።

የሥራ ልምድን ቁጠሩልን። ዐሥር ዓመት ተረኛ ሆኖ ቃል የተቀበለ ፖሊስ፣ ሌሊቱን ሙሉ በረንዳ ላይ ሲጠብቅ የኖረ የማረሚያ ቤት ባልደረባ፣ ከ18 ዓመት ልጅ ጋር በአንድ መለኪያ ብቻ አይለካም። ልምዱን በወረቀት ብቻ እመኑን አልልም። አንድ እውነተኛ ዓይነት መዝገብ ስጡን፣ ስሞቹን ቀይራችሁ። ምን እንደጎደለው እንንገራችሁ። ቀጠሮው የት ላይ እንደተዛባ፣ የትኛው ምስክር ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚጋጭ። ይህን የሚያይ ሰው ትምህርቱን ይከታተላል።

ስለ እንግሊዝኛ ጥቂት ልበል፤ ይህ ላይ ሐሳብ አለኝ። የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑን አውቃለሁ። መማርም እፈልጋለሁ። ግን እንግሊዝኛ የመጀመሪያው ወንፊት አይሁን። የእኛ ክልል ፍርድ ቤት የሚሠራው በአማርኛ ነው። ምስክር የሚናገረው የገበሬ አማርኛ ነው። አንድ ምስክር «ቃጣበት» ሲልና «መታው» ሲል በመካከሉ የሙከራና የተፈጸመ ወንጀል ልዩነት አለ። «ነካ አደረገው» ካለ ደግሞ ሌላ ነው። ቃል ተቀባዩ ሦስቱንም «መታው» ብሎ የጻፈበት መዝገብ አይቻለሁ። ስለዚህ በመግቢያ ፈተናው ላይ የአማርኛ ቃል አጻጻፍ ይኑር። የምስክር ድምፅ አሰሙን፤ ሳንጨምር ሳንቀንስ እንጻፍ። እንግሊዝኛው ለጎደለበት ሰው ደግሞ አንድ ሴሚስተር ማጠናከሪያ ስጡ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ላልሞላላቸው ተማሪዎች የሬሜዲያል ፕሮግራም ጀምራችሁ የለም? ለሠራተኛውም እንዲሁ አድርጉ።

የ12ኛ ክፍልን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ በ2014 ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ። ኩረጃ መቆሙን እደግፋለሁ፤ ሐሰተኛ ውጤት የያዘ መርማሪ ማንም አይፈልግም። ግን ከመቶ ተፈታኝ ከ94 በላይ የሚሆነው አንድ ጊዜ በአንድ ፈተና ደጅ ከቀረ፣ በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ዕድሜ፣ ሥራ ላይ ሆኖ የሚመለስበት በር ያስፈልገዋል።

ጥራት ይወርዳል የሚል ስጋት እንደሚኖራችሁ ይገባኛል። ሁላችንም በተገዛ ዲግሪ የተቃጠልን ነን። ነገር ግን ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ማንም ተማሪ 50 በመቶ ሳያመጣ ዲግሪውን አይወስድም። መውጫው ላይ ጠባቂ ካቆማችሁ፣ መግቢያው ላይ ወረቀት የጠፋበትን ሰው የምትመልሱት ለምንድን ነው? ያልቻለ በመካከል ይቀራል፤ የቻለ በእናንተው ፈተና ያልፋል።

ኦንላይን ስትሉ ደግሞ መስመር የሚቋረጥበትን አገር አስቡ። ቪዲዮው በደህና ቀን ወርዶ ስልክ ላይ የሚቀመጥ ይሁን። በወር አንድ ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲው ድረስ መጥተን ፋይሉን በፍላሽ የምንወስድበት አሠራር ይኑር። ኔትወርክ በጠፋበት ጊዜ የምዘና ቀነ ገደብ ይቁም። ፍርድ ቤት እንኳ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ለቀረ ባለጉዳይ ቀጠሮ ይቀይራል።

አሁን የምጽፈው ምናልባት አንዳንዶቻችሁን ላያስደስት ይችላል። የወንጀል ሪከርድ ያለበት ሰው ይህን ትምህርት ይማር ወይስ አይማር? ለፖሊስነት ሲቀጠር ከወንጀል ነጻ መሆን መጠየቁ ትክክል ነው። ያ የሥራ መስፈርት ነው። የትምህርት መስፈርት ግን መሆን የለበትም። በአሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት የጋራ ማመልከቻ ቅጽ ይህን ጥያቄ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጋራው ክፍል አውጥቶታል። እኔ አንድ ሰው አውቃለሁ። በወጣትነቱ በደም ጉዳይ ገብቶ ቅጣቱን ጨርሶ ወጣ። ማረሚያ ቤት ሆኖ ነው 8ኛ ክፍልን የጨረሰው፤ ከወጣም በኋላ ትምህርቱን ቀጠለ። ዛሬ በአካባቢው ሁለት ቤተሰብ ደም ሊቃባ ሲል ሽማግሌዎች መጀመሪያ የሚጠሩት እሱን ነው። ከደም አድራቂዎቹ ጋር ይቀመጣል። ማንም መምህር ያላስተማረውን ያውቃል። በቀልን ከውስጥ ያየ ሰው ነው። እሱን በር ላይ ከመለሳችሁ ክፍሉ ይጎድልበታል፤ ፖሊሱም ከእሱ የሚማረው አለ።

በመጨረሻ ለወጣቶቻችን ስትሉ አንድ ነገር በግልጽ እንድታስታውቁ እለምናለሁ። ብዙ ልጆች «የወንጀል ፍትሕ ተምሬ ዳኛ እሆናለሁ» ብለው ያስባሉ። አይሆኑም። ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ ለመሆን የሕግ ዲግሪ ያስፈልጋል። የወንጀል ፍትሕ ዲግሪ ለምርመራ፣ ለማረሚያ ቤት አስተዳደር፣ ለፍርድ ቤት አስተዳደር፣ ለወንጀል መከላከልና ለመሰል ሥራዎች ነው። ይህ የመግቢያ ማስታወቂያው የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፍ። በውጭ አገር ኦንላይን ሊማር የሚፈልግም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ተቋሙ በራሱ አገር እውቅና እንዳለው፣ እዚህ ስንመለስም የአቻ ግምት ይሰጠው እንደሆነ የሚጠይቅበት አንድ ስልክ ቁጥር፣ አንድ መስኮት ይኑር። አሁን ልጆቹ የሚጠይቁት ኢንተርኔት ቤት ያለውን ልጅ ነው።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ለሥራ ባልደረቦቼ አንብቤላቸዋለሁ። አንድ የምርመራ ፖሊስ፣ ሁለት የማረሚያ ቤት ባልደረቦች፣ አንዲት ጸሐፊና እኔ፣ አምስት ሆነን ለመማር ዝግጁ ነን። ከአምስታችን ሦስቱ የ10+3 ናቸው። አንዱ የ12ኛ ክፍል ሰነዱ ጠፍቶበታል። ሁላችንም ፋይዳ አለን። ሁላችንም ቴሌብር አለን። ከጮቄ ግርጌ እስከ ደብረ ማርቆስ ቅዳሜ ማለዳ ተነስተን ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ለሚጀምር ፈተና እንደርሳለን።

ኤግዚቢት ክፍሌን በተመለከተ፣ አሁን በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ወፍራም ካርቶን በሲባጎ አስራለሁ። ከማን እንደተያዘ፣ ማን እንዳመጣው፣ በስንት ሰዓት፣ በማን ፊት ብዬ በማይለቅ ማርከር እጽፋለሁ። በስልኬ ካነበብኩት ነው። ልክ መሆኑን የሚነግረኝ መምህር ግን እፈልጋለሁ።

የፈተናውን ቀን አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር
በምሥራቅ ጎጃም የወረዳ ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ